ስክሪን የሚጠብቅ ፊሽካ

ባሕር ዳር ላይ የሰፈር ውድድር የሚከታተል ሰው ይህችን ምልክት ያውቃታል። አጥቂ ጎሉ ፊት ባለው ሳጥን ውስጥ ይወድቃል። ዳኛው "ቀጥል" ይላል። አጥቂው ከመሬት ሳይነሳ በጣቶቹ አየር ላይ አራት ማዕዘን ይስላል። ቫር (በቪዲዮ የሚታገዝ ዳኝነት) ተመልከት ማለቱ ነው። ሜዳው ዳር ስክሪን የለም። ካሜራም የለም። የመስመር ዳኛ ራሱ ከተገኘ እሰየው ነው። ልጁ ይህን አጥቶት አይደለም። ቅዳሜና እሁድ ዲኤስቲቪ ቤት ተቀምጦ ሲያየው የዋለውን ይዞ ሜዳ ገብቶ ነው።

ምልክቷ ለዳኛው የምትነግረው ነገር አለ። "ያንተ ዓይን አይበቃኝም" ትለዋለች። ቫር ባለባቸው ትልልቅ ሜዳዎች ደግሞ ዳኞቹ ራሳቸው ስለ ዓይናቸው እንዲሁ ማሰብ የጀመሩ ይመስላል። ፊሽካው ይዘገያል። ባንዲራው ይዘገያል። ሁሉም ጆሮው ላይ የሚመጣውን ድምፅ ይጠብቃል።

ቫር ስህተት ያርማል። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። እኔን የሚያሳስበኝ የመጀመሪያው ውሳኔ ነው። ዳኛው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ በራሱ ዓይን አይቶ፣ እዚያው የሚሰጠው ውሳኔ። ይህ ውሳኔ ክብደቱን እያጣ ነው። ጉዳቱም የሚብሰው ቫር በሌለበት በእኛ ሜዳ ነው ብዬ አምናለሁ። እንግሊዝ ውስጥ ዳኛ ፊሽካውን ቢውጥ የሚያወጣለት ሰው አለ። እኛ ጋ የተዋጠ ፊሽካ እንደተዋጠ ይቀራል።

ሕጉ መጠበቅን አልፈቀደም

የእግር ኳስ ሕግ የሚያወጣው ዓለም አቀፉ ቦርድ፣ ኢፋብ፣ የቪዲዮ ዳኝነትን ሙከራ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ጃፓን ላይ በተካሄደው የክለቦች ዓለም ዋንጫ አንድ ዋና ዳኛ ሜዳ ዳር ሄዶ ስክሪን አይቶ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ። በ2018 ነገሩ ሕግ ሆነ። በዚያው ክረምት ሩሲያ ላይ የዓለም ዋንጫ በቫር ተካሄደ። ፈረንሳይና ክሮኤሽያ በተገናኙበት ፍጻሜ እንኳ ዳኛው ስክሪን አይቶ ለፈረንሳይ በእጅ ንክኪ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጥቷል።

ሕጉ ሲጻፍ ቫር የሚገባባቸው ጉዳዮች አራት ነበሩ። ጎል፣ ፍጹም ቅጣት ምት፣ ቀጥታ ቀይ ካርድ፣ እና ካርድ ለተሳሳተ ተጫዋች የተሰጠ እንደሆነ። በእነዚህም ቢሆን "ግልጽና የማያሻማ ስህተት" ወይም ዳኞቹ ጨርሶ ያላዩት ከባድ ነገር መኖር አለበት። በቫር ክፍል ያለው ሰው ነገሩን እንደ አዲስ አይዳኝም። ሜዳ ላይ የተሰጠው ውሳኔ በግልጽ ስህተት ነው ወይስ አይደለም? የሚጠየቀው ይህን ብቻ ነው።

ብዙ ተመልካች ልብ ያላላት ደግሞ አንዲት ደንብ አለች። ዳኛው ሁልጊዜ መወሰን አለበት ትላለች። ቫር የለም ብሎ እንደሚወስነው አድርጎ መወሰን አለበት። "እርግጠኛ አይደለሁም፣ እስቲ ቪዲዮው ይንገረኝ" ማለት አልተፈቀደለትም። ፊሽካ መንፋት ውሳኔ ነው። ጨዋታውን ማስቀጠልም ውሳኔ ነው። ሁለቱም የራሱ መሆን አለባቸው።

ይህች ደንብ በከንቱ አልተጻፈችም። የቫር አሠራር በሙሉ የቆመው በእሷ ላይ ነው። የመጀመሪያው ውሳኔ ጠንካራ ካልሆነ "ግልጽ ስህተት" የሚባለው ነገር ከምን ጋር ይመዘናል? ዳኛው ሳያምንበት ያስቀጠለውን ኳስ የቫሩ ሰው "ሜዳ ላይ ያየው እሱ ነው፣ ግልጽ ስህተትም አይደለም" ብሎ ያልፈዋል። ዳኛው ቫርን ይጠብቃል፤ ቫር ዳኛውን ያከብራል። በመሃል ማንም ያልወሰነው ውሳኔ ይጸናል። ይህን በቴሌቪዥን ደጋግመን አይተናል።

ለምን ይጠብቃሉ?

ዳኞቹን ፈሪ ብሎ መስደብ ይቀላል። እኔ አልሰድባቸውም። ስሌቱ ራሱ ወደ መጠበቅ ይገፋቸዋል። ዳኛው ቶሎ ነፍቶ ቢሳሳት ጨዋታው ቆሟል፤ ጎል ሊሆን የነበረውን ኳስ ማንም አይመልሰውም። ሳይነፋ ቢሳሳት ግን ይጠሩታል፤ ሄዶ አይቶ ያርማል። ስለዚህ ሲጠራጠር ዝም ይላል። አንድ ጊዜ ብልህነት ነው። ዓመት ሙሉ ሲደጋገም ልማድ ይሆናል። ልማዱ ሲቆይ ደግሞ በቅጽበት የመወሰን ችሎታው ራሱ ይዶለዱማል። ዳኝነት የዓይን፣ የአቋቋም፣ የእግር ሥራ ነው። ካልተሠራበት ይጠፋል።

የመስመር ዳኞች ደግሞ በመመሪያ ነው የሚጠብቁት። ቫር ባለበት ጨዋታ አጥቂው በግልጽ የጎል ዕድል ይዞ ከሆነና ከጨዋታ ውጪ መሆኑ ካጠራጠረ፣ ባንዲራው ኳሱ እስኪያልቅ ይቆያል። ዓላማው ትክክል ነው። ትክክለኛ ጎል በችኮላ እንዳይገደል ነው። ዋጋ ግን ያስከፍላል።

ግንቦት 2017 ዓ.ም. ኖቲንግሃም ፎረስት ከሌስተር ሲጫወት የሆነውን እናስታውስ። የፎረስቱ ኤላንጋ ከጨዋታ ውጪ ሆኖ ሳለ ባንዲራው አልተነሳም። ኳሱ ቀጠለ። ናይጄሪያዊው ታይዎ አዎኒዪ የተሻገረችውን ኳስ ሊያገኝ ሲወረወር ከጎሉ ብረት ጋር ተጋጨ። ሆዱ ውስጥ ከባድ ጉዳት ደረሰበት። ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ሐኪሞቹም ለማገገሚያው ብለው ሰመመን ውስጥ አቆዩት። ተረፈ፣ ተመስገን። ግን ያቺ ሩጫ ቀድሞ ነገር መኖር አልነበረባትም። ባንዲራው በጊዜው ቢነሳ ኖሮ ኳሷ እዚያ አትደርስም ነበር።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ሌላ ነው። ሰኔ 2012 ዓ.ም. ነው። የእንግሊዝ ሊግ በኮሮና ከተቋረጠ በኋላ የተመለሰበት የመጀመሪያው ጨዋታ። አስቶን ቪላ ከሼፊልድ ዩናይትድ። ባዶ ስታዲየም። የሼፊልድ ቅጣት ምት ወደ ጎል ተሻገረ። የቪላው በረኛ ኒላንድ ኳሱን እንደያዘ ከመስመሩ አልፎ ወደ መረቡ ገባ። ቤቱ ሆኖ የሚያይ ሁሉ አየው። ኳስ የጎሉን መስመር ሲያልፍ መንዘር ያለበት የዳኛው ሰዓት ግን አልነዘረም። የጎል መስመር ቴክኖሎጂው ካሜራዎች በሙሉ በተጫዋቾችና በብረቱ ተጋርደው ነበር። ዳኛው ወደ ሰዓቱ አመለከተ፤ ጨዋታው ቀጠለ። ቫርም እያየ ዝም አለ። የቴክኖሎጂው ባለቤት የሆነው ኩባንያ ሆክ አይ በኋላ ይቅርታ ጠየቀ፤ ከ9,000 በላይ ጨዋታዎች ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ የመጀመሪያው ነው አለ። ጨዋታው 0 ለ 0 አለቀ። ቪላ በዓመቱ መጨረሻ ከመውረድ የተረፈው በአንድ ነጥብ ብልጫ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማለት የምፈልገው አለ። ቴክኖሎጂው አንዴ መሳሳቱ አያስገርምም። የሚያሳዝነው በዚያች ቅጽበት ሜዳ ላይ የነበሩት ሰዎች ሁሉ የራሳቸውን ዓይን ትተው መሣሪያውን ማመናቸው ነው። ሰዓቱ ካልነዘረ ጎል የለም። ዓይን እየመሰከረ ሰዓት ፈረደ።

ሦስተኛው የመስከረም 2016 ዓ.ም. የቶተንሃምና የሊቨርፑል ጨዋታ ነው። የሊቨርፑሉ ሉዊስ ዲያዝ አገባ። የመስመር ዳኛው ከጨዋታ ውጪ ነው አለ። ቫር ክፍል ያሉት ሲያዩት ትክክለኛ ጎል ነው። ነገር ግን ሜዳ ላይ ጎሉ የጸደቀ መስሏቸው "ምርመራው ተጠናቋል" አሉ። ጨዋታው ቀጠለ። ስህተቱን ሲነቁበት ረፍዷል፤ ደንቡ ወደ ኋላ መመለስን አይፈቅድም። የእንግሊዝ ዳኞች አካል "ከባድ የሰው ስህተት" ብሎ አመነ። ምርመራው ትክክል ነበር። ስክሪኑ ላይ ያሰመሩት መስመር ትክክል ነበር። የጠፋው የመጀመሪያው ውሳኔ ምን እንደነበረ ነው። ሁሉም ሁለተኛውን ውሳኔ ሲጠብቅ የመጀመሪያውን ልብ ያለው አልነበረም።

ቁጥሩ ምን ይላል?

ከ13 አገሮች የተሰበሰቡ 2,195 ጨዋታዎችን ያየ ጥናት አለ። በቫር ከተፈተሹት ጉዳዮች ውስጥ ዳኞቹ መጀመሪያ የሰጡት ውሳኔ 92.1 በመቶው ትክክል ነበር። ከቫር በኋላ 98.3 በመቶ ደረሰ። የቫር ደጋፊዎች ሁለተኛውን ቁጥር ያነሳሉ። ልክ ናቸው፤ ስድስት በመቶ ቀላል አይደለም። ስድስት በመቶ ውስጥ ዋንጫ አለ፣ መውረድ አለ።

እኔ ግን የመጀመሪያው ላይ እቆያለሁ። የተፈተሹት ጉዳዮች ከባዶቹ ናቸው። በእነሱም ላይ የሰው ዓይን፣ እየሮጠ፣ ከመቶ ዘጠና ሁለቱን አግኝቷቸዋል። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ቫር የሚሠራው ቀሪውን ነው። ዘጠና ሁለቱን ያመጣው ችሎታ ከተሸረሸረ ቀሪውን የሚያርም ክፍል ብቻውን ጨዋታውን አይሸከመውም።

ስክሪኑ ራሱም ንጹሕ ምስክር አይደለም። በዝግታ የታየ ጥፋት ከእውነተኛው የከፋ ይመስላል። ጫማ ቁርጭምጭሚት ላይ ሲያርፍ በዝግታ ስታየው ሆን ተብሎ የተደረገ ይመስልሃል። በዳኞች ላይ የተደረገ ሙከራም ይህንኑ አሳይቷል፤ ያንኑ ጥፋት በዝግታ ሲያዩት ከበድ ያለ ካርድ ሰጥተዋል። ለዚህ ነው መመሪያው ዝግታው ለቦታና ለንክኪ ይሁን፣ የጥፋቱን ክብደት ግን በመደበኛው ፍጥነት እዩ የሚለው። በዚያ ላይ ወደ ስክሪኑ የሚሄደው ዳኛ ተጠርቶ ነው የሚሄደው። ባልደረባው "ተሳስተሃል" ብሎታል። ስታዲየሙ ይጮኻል። ሄዶ አይቶ "አይ፣ ውሳኔዬ ልክ ነው" ብሎ የሚመለስ ዳኛ ስንት አይተናል? በጣም ጥቂት።

የእኛ ሰው፣ ሁለት ግማሽ ፍጻሜዎች

እዚህ ላይ ኢትዮጵያ የምትኮራበት ምሳሌ አላት። ኢንተርናሽናል ዳኛ በአምላክ ተሰማ።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2019 ካይሮ። የአፍሪካ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ፣ ሴኔጋል ከቱኒዚያ። በዚያ ውድድር ቫር የተጀመረው ከሩብ ፍጻሜው ነው። ሴኔጋል በጭማሪው ሰዓት 1 ለ 0 እየመራች ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ኳሷ የሴኔጋላዊውን የኢድሪሳ ጌዬን እጅ ነካች። በአምላክ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ሄደ፣ አየ፣ ተመልሶ ውሳኔውን ሻረ። ሴኔጋል ወደ ፍጻሜ አለፈች።

ከዚያ የካቲት 2022፣ ያውንዴ። አሁንም ግማሽ ፍጻሜ፣ ሴኔጋል ከቡርኪና ፋሶ። አሁንም ዋና ዳኛው በአምላክ። በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ ሁለት ጊዜ ለሴኔጋል ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ፤ ሁለቱንም ጊዜ በቫር ተመልሶ ሻራቸው። ሴኔጋል በሁለተኛው አጋማሽ 3 ለ 1 አሸነፈች፤ በኋላም ዋንጫውን ወሰደች።

ያኔ "ሦስቴ ተሳሳተ" ያሉ ነበሩ። እኔ በተቃራኒው ነው የማየው። ሦስቱንም ጊዜ ቀድሞ ወስኗል። ያየውን አይቶ ነፍቷል። አህጉር እያየው፣ የግማሽ ፍጻሜ ጫና ላይ ሆኖ፣ ዝም ብሎ አልጠበቀም። ቪዲዮው ሌላ ሲያሳየው ደግሞ አልገተረም፤ ሻረ። ሕጉ የሚፈልገው ዳኛ ይህ ነው። ለመወሰን የሚደፍር፣ ለመመለስ የማያፍር። ሁለቱ አንድ ሰው ውስጥ ሲገኙ ቫር በትክክል ይሠራል።

በዚያው ዓመት በ2019፣ ከካይሮው ጨዋታ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ ሌላኛው ጫፍም ታይቷል። የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ፣ ራዴስ፣ ቱኒዚያ። የሞሮኮው ዊዳድ ያገባው ጎል ከጨዋታ ውጪ ተብሎ ተሻረ። ተጫዋቾቹ ቫር ይታይልን አሉ። ቫሩ አይሠራም ተባሉ። ሜዳ ዳር መሣሪያው ቆሟል፤ አይሠራም። ዊዳዶች አንጫወትም አሉ። ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ በኋላ ጨዋታው ሳያልቅ ዋንጫው ለቱኒዚያው ኤስፔራንስ ተሰጠ። ጉዳዩ እስከ ስፖርት ፍርድ ቤት ሄደ። ቫር ቃል ተገብቶ ሲጠፋ፣ ከመጀመሪያው ከሌለበት ጨዋታ የባሰ ሆነ። ሁሉም የመስመር ዳኛውን ውሳኔ ዋጋ ቢስ አድርጎ ቆጥሮታልና።

ከጣና ዳር ሲታይ

የባሕር ዳር ስታዲየምም የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2019 ኮትዲቯርን 2 ለ 1 ያሸነፍነው እዚያ ነው። በ2021 ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ሸኝተን ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተቃረብነውም እዚያው። በዚያው ዓመት ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ዚምባብዌ መጣች። ዘጠና ደቂቃው አልቆ 0 ለ 0 ነበር። በጭማሪው ሰዓት ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠን፤ አስቻለው ታመነ አገባት። ከተማው በደስታ ሰከረ። ቫር አልነበረም። የጠየቀም አልነበረም።

የዚያው ምድብ መጨረሻ ግን ይገርማል። ጋና ደቡብ አፍሪካን በፍጹም ቅጣት ምት 1 ለ 0 አሸነፈች። ሁለቱ እኩል 13 ነጥብና እኩል የጎል ልዩነት ይዘው ጨረሱ። ጋና 7፣ ደቡብ አፍሪካ 6 ጎል ስላገቡ ጋና አለፈች። ደቡብ አፍሪካ ፍጹም ቅጣት ምቱ አይገባም ብላ ለፊፋ አቤት አለች፤ ፊፋ አልተቀበለውም። እዚያም ቫር አልነበረም። ቫር የገባው ቀጥሎ ባለው የመጨረሻ ማጣሪያ ላይ ነው። በአንድ ምድብ፣ በአንድ ዓመት፣ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምቶች። አንዷ እኛን አስጨፈረች፣ ሌላዋ ጆሃንስበርግን አስለቀሰች። ፍትሕ የምንጠይቀው ሲጎዳን ብቻ ከሆነ ስክሪኑ አያረካንም።

"እኛስ ቫር መቼ ነው የሚገባልን?" የሚለው ጥያቄ ግሽ ዓባይ አካባቢ ባሉት ኳስ ማያ ቤቶችም፣ ፔዳ ግቢ አካባቢም አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ከካሜራ ይጀምርና ከካሜራ ያልፋል። ቫር የተፈቀደለት የቴክኖሎጂ አቅራቢ ይፈልጋል። የተለየ ክፍልና አስተማማኝ የመረጃ መስመር ይፈልጋል። ለዚሁ የሠለጠኑና የጸደቁ ዳኞች ይፈልጋል። የሙከራ ጨዋታዎችና የኢፋብና የፊፋ ፈቃድ ይፈልጋል። እኛ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የባሕር ዳር ስታዲየም መስፈርቱን አያሟላም ብሎ፣ ከጋና ጋር የነበረንን "የሜዳችንን" ጨዋታ ጆሃንስበርግ ሄደን ተጫውተናል። ከዚያ በኋላ ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነው ማላዊ ላይ ነው። ጣሪያና መቀመጫ ያልጨረሰ አገር ቫርን ነገ ጠዋት አይተክልም። ይህን የምለው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። ቅደም ተከተሉን ለማስታወስ ነው።

እስከዚያ ድረስ ግን አንድ የማይመች እውነት አለ። በ2013 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጋችን በሱፐር ስፖርት መተላለፍ ጀመረ። የጣና ሞገዶቹ (ባሕር ዳር ከተማ) ከዐፄዎቹ (ፋሲል ከነማ) ሲጫወቱ አከራካሪ ኳስ ከተነሳ፣ ዲኤስቲቪ ቤት ያለው ሰው በሰከንድ ውስጥ ደግሞ ያየዋል። ስታዲየም ያለው ደጋፊ በስልኩ ቁራጭ ቪዲዮ ይደርሰዋል። ተቀያሪ ወንበር ላይ ያለውም ሰው ከስታንዱ ጩኸት ይረዳዋል። ምስሉን የማያየው አንድ ሰው ነው። ፊሽካ የያዘው። በእሱ ላይ ደግሞ ሁላችንም በቫር ዓይን እንፈርድበታለን። ይህ ግፍ ነው። ቃሉን አስቤበት ነው የተጠቀምኩት።

በዚህ ጫና ውስጥ ያለ ወጣት ዳኛ ምን ይማራል? ቴሌቪዥን ላይ ያሉትን ታላላቆቹን ያያል። እነሱ ይጠብቃሉ። እሱም ይጠብቃል። እኔን በተለይ የሚያሳስበኝ የመስመር ዳኞቻችን ባንዲራ ነው። የዘገየ ባንዲራ ቫር ላለበት ጨዋታ የተሠራ ዘዴ ነው። ከኋላው የሚያርም ክፍል አለ። ያ ክፍል ሳይኖር ባንዲራውን ያዘገየ የመስመር ዳኛ የሚያተርፈው ጠብ ብቻ ነው። አጥቂው ሮጦ፣ በረኛው ወጥቶ፣ ጎሉ ገብቶ፣ ደጋፊው ጨፍሮ፣ ከዚያ ባንዲራ። ውሳኔው ልክ ቢሆን እንኳ ማን ያምነዋል? "የሰው ወርቅ አያደምቅ" የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። ቫር በሌለበት ባንዲራ እርግጠኛ እንደሆኑ ወዲያው መነሳት አለበት። ይህ በዳኞች ኮርስ ላይ ተለይቶ፣ ተደጋግሞ መነገር ያለበት ጉዳይ ነው።

ለዳኞቻችን ቫር እስኪመጣ የማይጠብቁ ነገሮች አሉ። የሊጉ ጨዋታዎች ይቀረጻሉ፤ ምስሉ አለ። ያ ምስል ከጨዋታው ማግስት ዳኛው ፊት መቅረብ አለበት፤ ለቅጣት ሳይሆን ለትምህርት። የት ቆሜ ነበር? ለምን አልታየኝም? ሁለት ሜትር ወደ ግራ ብሆንስ? ዳኛን የሚሠራው ይህ ነው። ዛሬ ብዙ ጊዜ ዳኛ ቪዲዮውን የሚያገኘው ከሰዳቢው የቴሌግራም ቻናል ነው። ሁለተኛው የመገናኛ ሬዲዮ ነው። አራቱ ዳኞች እየተነጋገሩ ቢዳኙ፣ የአንዱ ዓይን ያመለጠውን ሌላው ይነግረዋል፤ ዋጋውም ከቫር ጋር አይነጻጸርም። ሦስተኛው እኛን ይመለከታል። ተጫዋች የስክሪን ምልክት እያበዛ ዳኛ ላይ ቢያሳይ ሕጉ ቢጫ ካርድ ይሰጠዋል። የሰፈር አሠልጣኞች ይህን ለልጆቹ ቢነግሯቸው ጥሩ ነው።

ወደ ቪዲዮ መሄዳችን ካልቀረ ደግሞ እኔ የምመርጠው መንገድ አለ። ፊፋ ብዙ ካሜራና የተለየ ክፍል ለሌላቸው ሊጎች ብሎ "የቪዲዮ ድጋፍ" የሚባል ቀለል ያለ አሠራር እየሞከረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ኮሎምቢያ ላይ በተደረገው ከ20 ዓመት በታች የሴቶች ዓለም ዋንጫ ሠርቶበታል። ክፍል ውስጥ የተቀመጠ የቪዲዮ ዳኛ የለም። በጆሮ የሚያንሾካሹክም የለም። እያንዳንዱ አሠልጣኝ በጨዋታ ሁለት ጊዜ "ይታይልኝ" ማለት ይችላል። ዳኛው ራሱ ሜዳ ዳር ሄዶ ያለውን ምስል ያያል፣ ራሱ ይወስናል። አሠልጣኙ ልክ ከሆነ ዕድሉ አይቀነስበትም። ካልሆነ አንዷ ተቃጠለች።

ይህ አሠራር ለእኛ የሚመቸው በርካሽነቱ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያውን ውሳኔ ያከብራል። ዳኛው የሚያድነው ሌላ ሰው እንደሌለ ያውቃል፤ ስለዚህ ይወስናል። የሚጠራውም ባልደረባው ስላልሆነ ገና ሳያይ ተሸንፎ አይሄድም። የመጠየቅ ኃላፊነቱ ወደ ቡድኖቹ ይሄዳል። አሠልጣኝ ለእያንዳንዷ ውርወራ ከመጮኽ ይልቅ ሁለቷን ዕድል የት እንደሚያውላት ማሰብ ይኖርበታል። ጉድለት አለው። ቡድን እየመራ ያለ አሠልጣኝ ሰዓት ለመግደል ሊጠቀምበት ይችላል። በአራት አምስት ካሜራ የማይታይ ንክኪም ይኖራል፤ ያኔ ዳኛው "ምስሉ አላሳየኝም፣ ውሳኔዬ ይጸናል" ለማለት ድፍረት ያስፈልገዋል። ያን ድፍረት ደግሞ ከወዲሁ፣ ስክሪን ሳይኖር፣ በክልል ውድድሮችና በየሰፈሩ ሜዳ ላይ ነው የሚለማመደው።

ለዚህም ሊጉ ካሜራው አለው። የሚጎድለው የዳኞች ሥልጠና በጀት፣ የሬዲዮው ግዢ፣ እና ለሙከራው ፈቃድ የሚጠይቅ አካል ነው። ሦስቱም ፌዴሬሽኑና ሊጉን የሚመራው አክሲዮን ማኅበር ጠረጴዛ ላይ ሊቀርቡ የሚችሉ ነገሮች ናቸው፤ የስታዲየሙ ጣሪያ እስኪያልቅም መጠበቅ የለባቸውም።